አምስት የሮሃ ዘፈኖች

እስቲ ከሮሃ ባንድ ዘፈኖች አምስቱን ጥሩልኝ። አትቸኩሉ፣ ረጋ ብላችሁ አስቡ። ሻይ አጠገባችሁ ካለም ፉት እያላችሁበት።

አልመጣላችሁም አይደል? ዕድሜያችሁ አርባን ካለፈ ግን የሮሃን ዘፈን አታውቁም ብል ማንም አያምነኝም። ሠርግ ላይ እስክስታ ወርዳችሁበታል፤ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፋችሁን አባሮባችኋል፤ የወደዳችኋት ልጅ ሌላ ያገባች ለታም አብሯችሁ አምሽቷል። ዘፈኖቹን ታውቋቸዋላችሁ፤ የምታውቋቸው ግን በሌላ ስም ነው። የማህሙድ፣ የጥላሁን፣ የኤፍሬም፣ የንዋይ እያላችሁ።

ጥያቄውን እኔ አላመጣሁትም። ባለፈው የያሆዴ ሰሞን ሆመቾ ሄጄ ነው የገጠመኝ። ሆመቾ ከሆሳዕና ወጣ ብላ ያለች የጊቤ ወረዳ ከተማ ናት። በዓሉን ከዘመድ ጋር ላሳልፍ ሄጄ፣ አታካናውን በልተን ስናበቃ ከወንድሜ ልጅ ጋር አንድ ሻይ ቤት ገባን። ልጁ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ከጆሮው የማይለየውን ማዳመጫ አንዱን ነቅሎ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይስሙልኝ» አለኝ። ሰማሁ። ጊታሩ ይጮሃል፣ ከበሮው ይሮጣል፣ ዘፋኙ ደግሞ አንዲት ቃል እየደጋገመ ሊፈነዳ ደርሷል። የጃፓን ፓንክ ሮክ ነው አለኝ። ባንዱ «ዘ ብሉ ሃርትስ» ይባላል። ከዚያም የባንዱን ተወዳጅ ዘፈኖች በተራ ይቆጥርልኝ ጀመር፤ «ሊንዳ ሊንዳ» እ.ኤ.አ. በ1987፣ «ትሬን ትሬን» በ1988... የመጀመሪያውን የደረሰው ዘፋኙ ሂሮቶ ኮሞቶ፣ ሁለተኛውን ጊታሪስቱ ማሳቶሺ ማሺማ መሆኑን ሳይቀር ያውቃል። ጃፓንን በካርታ እንጂ በዓይኑ አይቷት የማያውቅ ልጅ!

አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ሳቁና «ጃፓንን እኛ የምናውቃት በጥላሁን ነው፤ ‹ጃፓኗን ወድጄ› ሲል» አሉ። ልጁ ይሄኔ ዞር ብሎ «የኛ ባንዶች ተወዳጅ ዘፈኖችስ የትኞቹ ናቸው? የሮሃ ለምሳሌ?» ብሎ ጠየቀ። ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበረው ጎልማሳ ሁሉ ተነሳሳ። አንዱ የማህሙድን ጠራ፣ ሌላው የንዋይን። ልጁም በትሕትና «እሱማ የዘፋኙ ነው፤ እኔ የባንዱን ነው የጠየቅኩት» ይላል። ክርክሩ በሀድይኛም ባማርኛም ቀጠለ፤ ሻዩ ቀዘቀዘ፤ «የሮሃ» ተብሎ የተጠራ አንድ ዘፈን ግን አልተገኘም።

መቼም ነገሩን ነገሬ ብሎ ላየው ይገርማል። የብሉ ሃርትስ ባንድ የተበተነው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ዘፈኑ ግን ባለቤቱን ይዞ ቀረ። በ2005 የእነሱን ዘፈኖች ለትምህርት ቤት በዓል ስለሚለማመዱ ተማሪ ልጃገረዶች «ሊንዳ ሊንዳ ሊንዳ» የተባለ ፊልም ተሠራ። አሜሪካ ውስጥም ገና ልጆች ሳሉ ባንድ የመሠረቱ ሴቶች ራሳቸውን «ዘ ሊንዳ ሊንዳስ» ብለው ሰየሙ። ዘፈኑ ባሕር ሲሻገር ስሙም አብሮ ተሻገረ ማለት ነው።

የኛውን ደግሞ እንየው። እ.ኤ.አ. በ1975 የተቀዳውን «ኧረ መላ መላ»ን የማያውቅ የለም። በ1986 ቤልጂየም ውስጥ በድጋሚ ታትሞ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለአውሮፓ ጆሮ ካስተዋወቁት ሥራዎች አንዱ ነው። ዘፈኑ የማህሙድ አህመድ ነው፤ ማንም አይክደውም። ከኋላ ያለው ግን አይቤክስ ባንድ ነው። ከአይቤክስ ዋና ዋናዎቹ ናቸው በኋላ ሮሃ የሆኑት፤ ቤዝ ጊታሩን ጆቫኒ ሪኮ፣ ሊድ ጊታሩን ሰላም ስዩም፣ ሳክስፎኑን ፈቃዱ አምደመስቀል ይዘው። ሮሃ በደርግ ዘመን ያጀባቸው ካሴቶች ከሁለት መቶ ይበልጣሉ ይባላል። የአንድ ትውልድ ፍቅርና ናፍቆት በእነዚህ ሰዎች ጣቶች አለፈ ብል ማጋነን አይሆንም።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ሆመቾ ውስጥ ካሴት የሚደርሰን ከሆሳዕና በሚመጣ መኪና ነበር። ቴፑ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ድንጋይ ላለመጨረስ ካሴቱን በእስክሪብቶ እናጠነጥናለን። ያን ጊዜ አንድ ጨዋታ ነበረን፤ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት፣ በመግቢያው ብቻ ዘፈኑን ቀድሞ ማወቅ። አንደኛው «ታ ራ ራም» ሲል ሌላው ይቀጥላል፣ ጊታሩን በአፉ፣ ከበሮውን በጉልበቱ። እንግዲህ ያ በአፋችን የምናዜመው መግቢያ ቃል የለበትም። የባንዱ ነው። ዛሬም ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ ያን ካሴት ቢከፍት፣ ከቃሉ በፊት ፊታቸው የሚፈካ ሰዎችን ታያላችሁ። ጆሯችን ሮሃን አልረሳም፤ የረሳው አንደበታችን ነው።

ለምን ሆነ? አንደኛው ምክንያት የቃል ሕዝብ መሆናችን ይመስለኛል። ሰምና ወርቅ እየፈታን ያደግን ሰዎች ነን፤ ዘፈን ስንሰማ የምናደነው ግጥሙን ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ የዘፈን ግጥም ይዘው መጥተው ስንኝ በስንኝ ሲተነትኑ አይቻለሁ። ስለ ቤዝ ጊታሩ የጻፈ ግን አንድም አላጋጠመኝም። ቃል የሌለው ነገር የሚተነተን አይመስለንም። ቃል አልባ ሆኖ በገዛ ስሙ የታወቀልን ሥራ ጥቂት ነው። ግርማ በየነ የደረሰው፣ ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቸ በለው» በተባለው አልበሙ ያወጣው «ሙዚቃዊ ስልት» አንዱ ነው። የውጭ ባንዶች እየተቀባበሉ ተጫውተውታል። የኛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከማስታወቂያ ጀርባ ሲሰማው ነው የሚያውቀው።

ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ያሆዴ ላይ ይታያል። በያሆዴ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ዜማው የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሀዲያ ሕዝብ ነዋ! ይህ ደግ ነገር ነው። የጋራ የሆነ ነገር ባለቤት አይፈለግለትም። ካሴት ግን የያሆዴ ዜማ አይደለም። ካሴት ዋጋ ተቆርጦለት፣ ተሸጦ፣ ተባዝቶ ገንዘብ የሆነ ነው። የጋራ ሀብት ነው የምንለው ከሌላው ኪስ ገብቶ ሲያበቃ ከሆነ፣ ነገሩ ባህል መሆኑ ይቀርና ማሳበቢያ ይሆናል።

ሕጉስ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዘፋኙ ሌላ ሙዚቃ ተጫዋቹም መብት እንዳለው ይደነግጋል። የወጣው ግን የካሴቱ ዘመን ሊያበቃ ሲል ነው። ያኔ ደግሞ ባንድን አንድ ኪቦርድ ተክቶት፣ የሆመቾ ሠርግ ሳይቀር በአንድ ሰው ጣት ይጨፈር ነበር።

ተስፋ የሚሰጥም ነገር አለ። አይቤክስ እ.ኤ.አ. በ1976 ራስ ሆቴል ውስጥ ያለ ዘፋኝ የቀዳው ሙዚቃ በ2024 እንደገና ታትሟል። በሽፋኑ ላይ የተጻፈው የባንዱ ስም ነው፤ ለዚህም ወደ ሃምሳ ዓመት ጠብቋል። ከዚያ በፊት ደግሞ ሰላም ስዩም ራሱ ጊታሩን ሳይጥል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ አጀማመርና እድገት ላይ ሠርቷል። ታሪካቸውን የሚጽፍላቸው ሰው ሲጠፋ ከመሃላቸው አንዱ ጻፈው ማለት ነው።

የዘፋኞቻችንን ክብር መቀነስ አልፈልግም። ጥላሁንን ያለ ጥላሁን ማን ያደርገዋል? ግን ያ ሁሉ ድምፅ ባዶ ሜዳ ላይ አልቆመም። ቤት ውስጥ አሮጌ ካሴት ያላችሁ፣ ሳትጥሉት በፊት ሽፋኑን ገልብጡት። ከጀርባው፣ በደቃቅ ፊደል፣ «አጃቢ» የምትል ቃል ትኖራለች። ከሥሯ ያሉትን ስሞች ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው። «አጃቢ» ምን ማለት ነው ብለው ከጠየቋችሁም፣ ካሴቱን አጫውቱና ዘፋኙ ከመግባቱ በፊት አቁሙት።