ጉርሻና ደንበኛ

ጉርሻ የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ኑሮ ይኖራል። አንደኛው ኑሮው በመሶብ ዙሪያ ነው፤ እናት ለልጇ፣ ወዳጅ ለወዳጁ፣ ባለቤት ለእንግዳው በእጁ ጠቅልሎ በአፉ የሚያኖርለት ፍቅር ነው። ሁለተኛው ኑሮው በንግድ ቤት ነው፤ በላተኛው ሂሳቡን ከከፈለ በኋላ ለአስተናጋጇ በሳሕኑ ጠርዝ ትቶላት የሚሄደው ገንዘብ ነው። ሌሎች ሕዝቦች ይህን ሁለተኛውን ከመጠጥ ጋር አያይዘው ሰይመውታል። ፈረንሳዩ ፑርቧር ሲል «ለመጠጥ» ማለቱ ነው፤ ጀርመኑ ትሪንክጌልድ ሲል «የመጠጥ ገንዘብ» ማለቱ ነው፤ ሩስያዊውም «ለሻይ» ብሎ ይሰጣል። እኛም አንዳንዴ «የሻይ» እንላለን፤ ዋናውን ስም ግን ከእንጀራው አልለየነውም። ገንዘቡንም ጉርሻ አልነው።

ይህ የስም መጋራት በዋዛ የሚታለፍ አይመስለኝም። አንድ ኅብረተሰብ ለሁለት ነገር አንድ ስም ሲሰጥ፣ ሁለቱ ነገሮች ዘመዳሞች ናቸው ብሎ መፍረዱ ነው። ፍርዱ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ጥያቄ ያነሣብኝ በመምህርነት ያገለገልሁበት የደብረ ታቦር ከተማና የዙሪያው ደጋ ነው።

ደብረ ታቦር የግብር አዳራሽ ያየች ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የየጁው ራስ ጉግሣ ከቈረቈሯት ወዲህ ዳግማዊ ራስ ዓሊ ተቀምጠውባታል፤ ዳግማዊ ቴዎድሮስ በአጠገቧ በጋፋት መድፍ አስቀልጠዋል፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከትመውባታል፤ በ1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት የወደቁት ራስ ጉግሣ ወሌም በጌምድርን ያስተዳደሩት ከዚህችው ከተማ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዘመናት ጌታ ግብር ያበላ ነበር። እዚህም ላይ አማርኛችን አንድ ምስጢር ይነግረናል፤ ገበሬው ግብር ይገብራል፣ ጌታው ግብር ያበላል። ቃሉ አንድ ነው። በአዳራሹ የተበላው ፍሪዳ፣ የተጠጣው ጠጅ፣ ከገበሬው ጎተራና ቀፎ የመጣ ነበር፤ ምስጋናው ግን ለአብይው ይሰጥ ነበር።

በዚያ አዳራሽ ተቀማጩ ሁሉ እንደ ማዕረጉ ይደረደራል፤ አሳላፊው ቆሞ ያስተናግዳል፤ ጌታው ደስ ሲለው ከገበታው ጠቅልሎ አንዱን ያጎርሰዋል። ጎራሹ እጅ ነሥቶ ይቀበላል እንጂ መልሶ ጌታውን ማጉረስ አይታሰበውም። በገበሬው ቤት የነበረው ጉርሻ ግን ሌላ ነው። በዚያ ያጎረሰ ይጎርሳል፤ እጅ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። ስለዚህ ገና ገንዘብ ሳይገባበት ጉርሻ ሁለት ዓይነት ነበር፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድና በክብ የሚዞር። ዛሬ በሳሕኑ ጠርዝ የምንተወው ሳንቲም የየትኛው ልጅ ነው? ጥያቄው ይህ ነው።

ምግብን በገንዘብ መሸጥ ለአባቶቻችን ነውር ነበር። እንግዳ የሚያድረው በእግዜር ስም እንጂ በሂሳብ አልነበረም። ከሰሜንና ከበጌምድር መኳንንት ዘር የነበሩት እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ የገጠማቸው ትልቁ ችግር የወጥ ቤት ችግር አልነበረም፤ ከፍሎ የሚበላ ሰው ማጣት ነበር። እንደሚተረከው ከሆነ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ከመኳንንቶቻቸው ጋር እየሄዱ በመብላትና በመክፈል ነውሩን አስለቀቁት። የመጀመሪያው የሆቴል ደንበኛ በአገራችን የተገኘው እንግዲህ ንጉሥ ምሳሌ ሆነው ነው ማለት ነው።

ደንበኛ የሚለውም ቃል ልብ ሊባል ይገባዋል። ደንበኛ ስንል ዘወትር የሚገዛን ሰው ማለታችን ብቻ አይደለም፤ «ደንበኛ ሽማግሌ»፣ «ደንበኛ ጠጅ» ስንል እውነተኛ፣ ደንቡን የጠበቀ ማለታችን ነው። ቤትን ከሰው ጋር የሚያስተሳስረው ደንብ ነው፤ ደንቡ ሲፈርስ ደንበኛ የሚባል ነገር የለም።

ይህን ደንብ በደጋው አገር ማየት ለሚሻ ሰው ምልክቱ ብዙ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚዘልቀው የጉና ተራራ ብርዱን ወደ ከተማዪቱ ይልካል። ስለዚህ ቤት ሰው የሚስበው በመጀመሪያ በምድጃው ነው። ቀጥሎ በምልክቱ ነው፤ ጠላ ቤት መሆኑ የሚታወቀው በእንጨት ጫፍ በተደፋ ጣሳ ነው፤ ጽሕፈት የማያውቀውም ያነበዋል። ወለሉ ላይ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ ለቡናው ፈንድሻ፣ ለአረቄው ቆሎ ያለ ሂሳብ ይቀርባል። የጠላ ቤቷ እመቤት ቀድታ ስትሰጥ ከዋንጫው ጥቂት በመዳፏ አንቆርቁራ ትቀምሳለች፤ መጠጡ ንጹሕ መሆኑን በራሷ ሕይወት መመስከሯ ነው።

በገበያም እንዲሁ ነው። ገብስ ሻጯ ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ ገዢው «መርቂልኝ» ይላታል፤ በእፍኟ ዘግና ትጨምርለታለች። ይህ ጭማሪ ምርቃት ይባላል፤ ስሙ ከሽማግሌ ቡራኬ ጋር አንድ ነው። እንግዲህ ሻጭ ለገዢ የሚጨምረው ምርቃት፣ ገዢ ለአገልጋይ የሚጨምረው ጉርሻ ሆኖ ተሰይሟል። ሁለቱም ከዋጋው በላይ ናቸው፤ ሁለቱም በፈቃድ ናቸው፤ ሁለቱም ዋጋው አስቀድሞ በትክክል ተሰፍሮ ካልተሰጠ ትርጉም የላቸውም። ቁናውን አጉድላ የምትመርቅ ሻጭ መራቂ ሳትሆን አታላይ ናት። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ1970ዎቹ በደጋው ከተሞች የተመደብን መምህራን አብዛኞቻችን በወር ኮንትራት እንበላ ነበር። እኛ የምንበላባት ቤት እመቤት፣ እትዬ የምንላት፣ መዝገብ አልነበራትም፤ የእያንዳንዳችንን ዱቤ በግድግዳው ላይ በከሰል ጭረት ትይዘው ነበር። ከመካከላችን አንዱ ወባ ይዞት ሦስት ቀን ሲቀርባት አጥሚት በልጇ አስይዛ ላከችለት። ወሩ አልቆ ሂሳብ ሲደረግ ደግሞ ያልበላባቸውን ሦስት ቀናት ቀነሰችለት። የአጥሚቱን ሂሳብ ቢጠይቃት «በሽተኛ ይከፍላል ወይ?» ብላ ተቆጣችው። እኛም በዓል ሲደርስ ለልጆቿ ደብተርና እርሳስ ይዘንላቸው እንሄድ ነበር። ያ የእኛ ጉርሻ ነበር፤ ሰጪና ተቀባዩ የማይለይበት። ዝውውር ደርሶን ስንበተን ተተኪዎቻችን ከክፍሉ መዝገብ ጋር የእትዬን ቤትም ከእኛ ተረከቡ። ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ አላውቅም።

ደንበኛን መሳቢያ ሌላም መንገድ አለ። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቻይና እርዳታ የተሠራው የወረታ–ወልድያ መንገድ ደጋውን ከሁለት ወገን ሲከፍተው፣ ደብረ ታቦርና ጋይንት የመንገደኛ ማረፊያ ሆኑ። በአገራችን መንገዶች ሁሉ እንደሚታወቀው፣ አውቶቡሱ ከአንድ ምግብ ቤት ደጅ ሲቆም ሾፌሩና ረዳቱ ወደ ጓዳ ጠጋ ብለው ይቀመጣሉ፤ ምርጡ ሥጋ ይቀርብላቸዋል፤ ሂሳብ አይጠየቁም። ሃምሳ ተሳፋሪ ይዞ ለመጣ ሰው አንድ ምሳ ምን አላት ይባላል። ነገር ግን የዚያን ምሳ ዋጋ የሚሸፍነው ማነው? ቤቱን ያልመረጠው፣ ጊዜም ምርጫም የሌለው ተሳፋሪ ነው። የግብሩ አዳራሽ በመንገድ ዳር እንደገና ተሠራ ማለት ነው፤ ከፋዩ ሌላ፣ ተመስጋኙ ሌላ። እንዲህ ያለው ቤት ሾፌሩን ደንበኛ ያደርጋል እንጂ ተሳፋሪውን አያደርግም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ አካባቢውን ባወከው ጦርነትና ግጭት መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ሁሉ ይህ ልዩነት ይገለጣል፤ በሾፌር ላይ የቆመው ቤት ወዲያው ሲዘጋ፣ በጎረቤት ላይ የቆመው ግን በአንዲት ጀበናም ቢሆን ይሰነብታል።

የጥበብ ሰዎችም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። በጎንደር አገር አዝማሪ የጠጅ ቤት ምሰሶ ነው። ማሲንቆውን ይዞ ሲገባ ቤቱ ይሞላል፤ እንግዳው «ተቀበል!» እያለ ግጥም ያቀብለዋል፤ ብሩን በግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ብዙውን ጊዜ የአዝማሪው ገቢ ይኸው የተለጠፈው ነው። በዚህም ምክንያት ምላሱ ወደ ኪስ ማዘንበሉ አይቀርም፤ ያልዘመተው ጀግና፣ ያልሰጠው ቸር ይባላል። ሆኖም ቅኔ የሚባል መሣሪያ በእጁ ስላለ በሰሙ አመስግኖ በወርቁ ሊወጋ ይችላል። አስተናጋጇ ግን ይህ የላትም። እሷ ያላት ፈገግታ ብቻ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በደብረ ታቦር ከአንድ ምግብ ቤት ከእስቴ ገጠር ከመጣች አስተናጋጅ ጋር ተነጋግሬ ነበር። ዕድሜዋ ከአሥራ ስምንት አያልፍም።

«ደመወዝሽ ስንት ነው፣ ልጄ?» አልኋት።

«ጋሼ፣ የሚከፍሉኝ እርስዎ ነዎት» አለችኝ ሳቅ ብላ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ቤቱ ምግብና መኝታ ይሰጣታል፤ በወር የሚቆርጥላት ገንዘብ ግን ለወላጆቿ የሚላክ ቀርቶ ለጫማዋም የሚበቃ አይደለም። ብርጭቆ ከተሰበረ ከዚያችው ላይ ይታሰባል። የተቀረው ጉርሻ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ በላተኛው ይቀራል፤ 55 ቀን ሙሉ ጉርሻውም አብሮ ይጾማል። ሂሳብ በስልክ መክፈል ከተለመደ ወዲህ ደግሞ «መልሱን ያዢው» የሚላት ቀንሷል፤ መልስ የለማ። ከሁሉ የከበዳት ግን ሌላ ነው። «አብዝቶ የሚሰጥ ሰው ሲመጣ እፈራለሁ» አለችኝ። ለምን እንደምትፈራ አልጠየቅኋትም፤ አያስፈልግም ነበር። በፈገግታዋ ላይ የምትኖር ልጅ ፈገግታዋን የምትነፍገው ሰው መምረጥ አትችልም።

ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ደመወዝን ሲተረጉም ከደንበኞች የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያ ደመወዝ ተብሎ እንደማይቆጠር ደንግጓል። እንግዲህ በሕጉ መንፈስ የእንግዳው ስጦታ የአሠሪውን ግዴታ አይተካም። ይኸው አዋጅ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋምም አመልክቶ ነበር። ነገር ግን ሕግ የሚኖረው በወረቀት ላይ ሳይሆን በምድጃው አጠገብ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው የሚከፍለውን ዝቅተኛ ክፍያ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ላይ አቁሞታል፤ የተቀረውን ከበላተኛው ኪስ ይጠብቃል። በዚያ አገር ሳይሰጡ መውጣት እንደ ስርቆት ይታያል። በጃፓን ደግሞ ገንዘብ ትቶ የወጣ እንግዳ «ረስተዋል» ተብሎ በሩጫ ይመለስለታል፤ አገልግሎቱ በዋጋው ውስጥ ስላለ ነው። የጃፓኑ አስተናጋጅ ትሕትና ከአሜሪካዊው ያንሳል የሚል ግን አልሰማሁም። ጉርሻ ቢቀር አገልግሎት ይበላሻል ለሚሉ ባለቤቶች ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

እንደ ጃፓኖቹ ጉርሻን ከነጭራሹ እንተው እያልሁ ግን አይደለም። እጅን መሰብሰብ የእኛ ጠባይ አይደለም። የምለው ቀደም ሲል አንባቢ እንዲይዝልኝ የለመንሁት የገብስ ሻጯን ደንብ ነው፤ ቁናው አስቀድሞ ይሙላ፣ ምርቃቱ ከዚያ ይከተላል። የአስተናጋጇ ቁና ደመወዟ ነው። እሱ ጎድሎ ሳለ የምንሰጣት ሳንቲም ጉርሻ ሳይሆን የባለቤቱን ዕዳ በእኛ እጅ መክፈል ነው፤ እሷም ጎራሽ ሳትሆን ዘወትር እጅ ነሺ ትሆናለች።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ስለ ሥራና ሠራተኛ የምንነጋገር ሁሉ ሻይ ስንጠጣ የቀዳችልንን ልጅ ደመወዝ እንጠይቅ። መምህራን ተማሪዎቻችን የነበሩት ልጆች ትምህርት አቋርጠው ትሪ ይዘው ስናገኛቸው በስማቸው እንጥራቸው እንጂ አናጨብጭብላቸው። ባለ ቤቶችም ደንበኛ የሚቆየው በነፃ በሚበላ ሾፌርና በተገደደ ፈገግታ አለመሆኑን ይወቁ፤ በተሰፈረ ቁና፣ በታመነ ዱቤ፣ ጠግቦ በሚያድር ሠራተኛ ነው። ሠራተኛዋ ሙሉ ደመወዟን ይዛ በቆመችበት ቤት ከሳሕኑ ጠርዝ የሚቀር ብር ከግብሩ አዳራሽ የወረደ አይሆንም፤ ከገበሬው መሶብ የመጣ ይሆናል። እሷም ብትፈልግ በማግሥቱ «ዛሬ ቡናው በእኔ ነው» ብላ ልትመልሰው ትችላለች።