ያልከፈልኩት የሽንኩርት ዕዳ

ከመራዊ ወጣ ብሎ፣ በቆጋ መስኖ፣ የአንድ አባት ሽንኩርት በእኔ ጥፋት ደርቋል። ያኔ በጻፍኩት ሪፖርት ምክንያቱን «የባትሪ ችግር» ብዬ አልፌዋለሁ። ዋሽቻለሁ።

የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። ውኃው በቦይ፣ በተራ ነው የሚደርሰው፤ ተራው ያለፈው ቀጣዩን ዙር ይጠብቃል። እኛ የአፈር እርጥበት የሚለኩ ሴንሰሮች ማሳው ውስጥ ቀበርን። ልኬቱን በሬዲዮ እየተቀባበሉ ቦዩ ዳር ላለው መሰብሰቢያ ያደርሳሉ፤ ከዚያ ገበሬው በስልኩ ያየዋል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ኔትወርክ በ2012 እ.ኤ.አ. የጸደቀ አር.ፒ.ኤል የሚባል አሠራር አለ፤ እያንዳንዱ ሴንሰር መንገዱን ራሱ ይመርጣል፣ ሁሉ ደህና ሲሆን መልእክት ይቀንሳል። እኔ ግን ሁሉም ከአንድ ማዕከላዊ ሶፍትዌር እንዲታዘዝ ፈለግኩ። ሐሳቡ በ2008 እ.ኤ.አ. ከቀረበው፣ ኦፕንፍሎው ከሚባለው አሠራር ወዲህ በትልልቅ የዳታ ማዕከላት ሠርቷል። እዚያ ኬብልና መብራት አለ፤ እዚህ ያለው አንዱ መልእክት ከ127 ባይት የማያልፍ ሬዲዮና ትንሽ ባትሪ ነው። ማዕከሉ የሁሉንም ሁኔታ ሲጠይቅ፣ መልሱ የሚያልፈው መሰብሰቢያው አጠገብ ባሉት በኩል ነው። እነሱ የሌላውን ሲያደርሱ ባትሪያቸው ቀድሞ አለቀ፤ ከኋላ ያሉት ደህና ሆነው ሳለ ተቆረጡ። ጭነቱ የሚቀንስበትን ዘዴ አንብቤ ነበር፤ ለእንግዶች የምናሳይበት ቀን ስለደረሰ ተውኩት።

ይህ ብቻውን ሽንኩርት አያደርቅም። ልኬት ሲቋረጥ የመጨረሻው ቁጥር ስልኩ ላይ እንዳለ እንዲቆይ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ባዶ ቦታ ለእንግዳ አያምርም ብዬ። የሽንኩርቱ ባለቤትም «እርጥብ» የሚለውን አይተው፣ ተራ ለሚያከፋፍለው የውኃ አባት ነግረው ተራቸውን ለጎረቤት ለቀቁ። የቅጠሉ ጫፍ መቃጠል ሲጀምር ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ ይሄ ግን እርጥብ ነው ይላል።»

«ላዩን አይመልከቱ አባባ፣ ሴንሰሩ የሚለካው ሥሩ ያለበትን ነው። ይመኑት» አልኳቸው፤ ሴንሰሩ መላክ ማቆሙን አለማቆሙን እንኳ ሳላጣራ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረሱ ሰው ዓይናቸውን ትተው የእኔን ቃል አመኑ።

ኋላ ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። «ታዲያ ያን ዕለት አላውቅም ብትለኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። አሁን የቆየ ልኬት ስልክ ላይ አይታይም፣ «አልደረሰም» ይላል። ሪፖርቱንም አርሜ አስገብቻለሁ። የሽንኩርቱን ዋጋ ግን እስካሁን አልከፈልኳቸውም፤ ዕዳዬ ነው።