ራሴ፥ ለራሴ፥ በራሴ

ልጆች ሆይ፤ ትንሽ ቃል ትልቅ ነገር ታደርጋለችና ይህን አስተውላችሁ አንብቡ።

በእንግሊዝኛ «ማይሰልፍ» የምትባል ቃል አለች፤ ትርጓሜዋም «ራሴ» ማለት ነው። ብቻዋን ስትነገር አንድ ነገር ትላለች፤ ከፊቷ ትንሽ ቃል ሲጨመርባት ግን ሌላ ትሆናለች።

በከሚሴ ሳስተምር የክፍሉ መዝገበ ቃላት ታጣ። የእንግሊዝኛው መምህር «ማን ወሰደው?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ። ከተማሪዎቹ አንዱ፥ በቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ትጉህ ልጅ፥ ተነሥቶ «አይ ቱክ ኢት ፎር ማይሰልፍ» ሲል መለሰ። ይህ «ለራሴ ወሰድሁት» ማለት ነውና መምህሩ እጅግ ተቈጣ፤ ጓደኞቹም «ሌባ ነው» እያሉ ያንሾካሽኩ ጀመር።

እኔ ግን በኦሮምኛ «ልጄ፥ ለምን ወሰድኸው?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱም እንባው እየወረደ «ገጹ ተቀድዶ ነበርና ልጠግነው ወሰድሁት» አለኝ። ከደብተሩም መካከል አወጣው፤ የተቀደደው ገጽ ሁሉ በጥንቃቄ ተለጥፎ ነበር። ሊናገር የፈለገውስ «አይ ቱክ ኢት ማይሰልፍ» ነበረ፤ ይኸውም «የወሰድሁት እኔው ራሴ ነኝና ሌላውን አትጠርጥሩ» ማለት ነው። በአንዲት «ፎር» ምክንያት እውነተኛው ልጅ ሌባ ሊባል ነበረ።

ሦስተኛም አለ። «አይ ሜንድድ ኢት ባይ ማይሰልፍ» ቢል «ማንም ሳይረዳኝ ብቻዬን ጠገንሁት» ማለቱ ነው።

ይህ ነገር የእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። በአማርኛ «ለራሴ» እና «በራሴ» የሚለያዩት በመጀመሪያው ፊደል ነው። በኦሮምኛም «ኦፊፍ» ማለት ለራስ፥ «ኦፊን» ማለት በራስ ነውና የሚለያዩት በመጨረሻው ፊደል ነው። አማርኛ ከፊት፥ ኦሮምኛ ከኋላ ፊደል ይጨምራሉ፤ እንግሊዝኛ ግን ራሷን የቻለች ቃል ከፊት ያቆማል። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ተማሪ «ፎር» እና «ባይ» የተባሉትን ቃላት ትንሽ ናቸው ብሎ አይናቃቸው።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፤ ስትናገሩ ቃላችሁን መዝኑ። ስትሰሙም፥ ይልቁንም ተናጋሪው የሚናገረው በእናቱ ቋንቋ ካልሆነ፥ «ምን ማለትህ ነው?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትፍረዱ። የተቀደደ ገጽ ይለጠፋል፤ የጐደፈ ስም ግን በቶሎ አይጠራም።