የተዘጋ ፋይል፣ ያልተዘጋ ሐቅ



ዶርም ውስጥ የራፐሩ ኤክስኤክስኤክስቴንታሲዮን ስም ከተነሳ ክርክር አይቀርም። ግማሹ «ምስኪን ልጅ ነበር» ይላል፣ ግማሹ «ሴት ደብዳቢ»።

ትክክለኛ ስሙ ጃሴህ ኦንፍሮይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ፍሎሪዳ ተወለደ። ዘፈኖቹን በሳውንድክላውድ እየለቀቀ ታወቀ። ስለ ድብርት በግልጽ ስለሚናገር ብዙ ወጣቶች የራሳቸውን ሕመም አገኙበት። በ2016 ነፍሰ ጡር ፍቅረኛውን ደብድቧል ተብሎ ታሰረ፤ እሱ ክሱን ካደ። በመጋቢት 2018 አልበሙ ቢልቦርድ ላይ አንደኛ ወጣ። ሰኔ ላይ በ20 ዓመቱ ዘራፊዎች ተኩሰው ገደሉት፤ ክሱም ያለ ፍርድ ተዘጋ።

ከደጋፊዎቹ ከሳሿን የዘለፉ ነበሩ። ዝናውና አሟሟቱ ለእነሱ በቂ መልስ ነበር። መድረሳ የተማርነው ግን ሌላ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደነገሩን ሙፍሊስ ማለት ገንዘብ ያጣ ሰው አይደለም፤ ሶላትና ጾም ይዞ ቀርቦ፣ ሰው በመስደቡና በመምታቱ ምንዳው ለተበደሉት የሚከፋፈልበት ነው። የሰው ሐቅ በሞት አይሻርም፣ በአድናቂ ብዛትም አይቀልም።

ስለዚህ ያላየነውን አንፍረድ፤ «ተበደልኩ» ያለችንም አንስደብ። በእጃችን ወይም በምላሳችን የጎዳነው ሰው ካለ ግን ዛሬውኑ ሄደን አውፍ እንጠይቅ። አላህ ከሙፍሊሶች አያድርገን።