አንድ ቁጥር ያላቸው ሁለት ብሮች

ባንክ በተቀጠርሁ በመጀመሪያው ወር፣ ጸጉራቸው በገንዘብ ቆጠራ የሸበተ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ሁለት ባለ መቶ ብር ኖቶች ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና «እስቲ ሐሰተኛውን ለይልኝ» አሉኝ። ዳሰስኋቸው፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጌ አየኋቸው፤ ሁለቱም ደኅና መሰሉኝ። «ቁጥራቸውንስ አንብበኸዋል?» አሉኝ። አነበብሁት፤ አንድ ነበር። እያንዳንዱ ብር የራሱ ቁጥር አለው፤ ሐሰተኛ ብር የሚያትም ሰው ግን ብዙውን ጊዜ አንዱን ቁጥር ደጋግሞ ያትማል። ይህን ትምህርት በመስከረም 2013 ዓ.ም. ኖቶቹ ተቀይረው ባለ 200 ብሩ ሲመጣ ሁሉ አልረሳሁትም። ለድርሰት ይጠቅመኛል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብሁ።

ማታ ማታ እጽፋለሁ። ግጥሙ አልሆን ሲለኝ፣ ፈረንጆቹ «ፋን ፊክሽን» የሚሉትን፣ የሌላ ደራሲ ገጸ ባሕርያትን ተውሶ ታሪካቸውን በራስ መንገድ የመቀጠልን ነገር ሞከርሁ። የተዋስሁት ከሐዲስ ዓለማየሁ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ወጋየሁ ንጋቱም በሬዲዮ ተርኮት ማንበብ ለማይችለው ሁሉ አደረሰው። መጽሐፉን አንብቦም ሆነ ሰምቶ በልቡ በዛብህን ከሞት ያላስነሣ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ያንን በወረቀት አደረግሁት፤ ይኸው ነው ጥፋቴ። በዛብህ በሕይወት ተርፎ፣ ዐባይን ተሻግሮ፣ ሰብለ ወንጌልን ፍለጋ ወደ ዲማ እንዲመለስ አደረግሁ። በየእሑዱ አንድ ክፍል እየጻፍሁ በቴሌግራም ለቀቅሁት፤ ዐሥራ አንድ እሑድ።

በሦስተኛው እሑድ የመጀመሪያው ምስጋና መጣ። «እጅግ ድንቅ ታሪክ! ገጸ ባሕርያቱ ሕያዋን ናቸው፤ አገላለጽዎ ልብ ይነካል። ቀጣዩን ክፍል በጉጉት እጠብቃለሁ።» ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት ብነግራችሁ አፍራለሁ። አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ የድሉን ሐውልት እያየሁ፣ ሳላየው እየሳቅሁ አነበብሁት። በማግስቱ በመስኮቴ የቆመ ደንበኛ «ምን ተገኘ ዛሬ?» እስኪለኝ ድረስ ፊቴ በርቶ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ መጽሐፍ ያላሳተመ፣ ግጥሙን ለእናቱና ለአንድ ጓደኛው ብቻ ያነበበ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ሲያገኝ ምን እንደሚሆን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከዚያ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት የጻፍሁት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለዚያ ሰው ነው።

ዐሥራ አንደኛው ክፍል መጨረሻው ነበር። ሰብለን ቀበርኋት፤ በጉልህ «ተፈጸመ» ብዬም ጻፍሁ። ወዲያው ያ አንባቢዬ መጣ። «ቀጣዩን ክፍል በጉጉት እጠብቃለሁ» አለኝ።

መጀመሪያ ሐዘኑን መቀበል አቅቶት ነው አልሁ። (ሰው ራሱን ሲያታልል ምንኛ ብልኅ ይሆናል!) ከዚያ ግን ሰዓቱን አየሁ። ሐያ ገጽ ጽሑፍ በለቀቅሁ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው የደረሰው። እኔ ራሴ የጻፍሁትን በአንድ ደቂቃ አላነበውም። በዚያው ሌሊት የሌላ ሰው ድርሰት ገለጥሁ፤ ስለ ሰካራም ሚዜ የሚተርክ የሠርግ ቀልድ ነው። ከሥሩ ያ ምስጋና ከነቃለ አጋኖው፣ ከነጉጉቱ ተቀምጧል። አንድ ፊደል አልተለወጠም። አንድ ቁጥር ያላቸው ሁለት ብሮች!

ከሦስት ቀን በኋላ ምክንያቱም ተገለጠ፤ «ታሪክዎ ሥዕል ይገባዋል፤ ቅድሚያ ክፍያ ይላኩልኝና ልሥራልዎ» የሚል መልእክት ለብቻዬ ደረሰኝ። የማን ታሪክ፣ የትኛው ትዕይንት ብዬ ብጠይቅ፣ «ድንቅ የሆነው ትዕይንት» አለኝ።

በዓለምም እንዲሁ ነው። «አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን» የሚባለው፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የተከፈተውና በ2019 የሁጎን ሽልማት ያገኘው ትልቁ የእንዲህ ዓይነት ድርሰቶች ማኅደር፣ በቅርብ ዓመታት በእንዲህ ያሉ ማሽን የሚያወርዳቸው ምስጋናዎችና «ሥዕል ልሥራልህ» ባዮች ተወርሮ ጸሐፊዎቹን እስከማስጠንቀቅ ደርሷል። ይባስ ብሎም ሰው በእጁ የጻፈውን «ይህንን የጻፈው ማሽን ነው» ብለው የሚከስሱ ማሽኖች መጥተዋል። ሌባው ባለቤቱን «ሌባ! ሌባ!» እያለ ሲያሳድድ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የደረሱኝን ቃላት ሁሉ እንደ ገንዘብ መርምሬአለሁ። ባዶው ምስጋና የማንንም ስም አይጠራም፤ በዛብህም፣ ጉዱ ካሳም፣ ዲማም የለበትም። አይከራከርም፤ «እዚህ ጋ አልገባኝም» አይልም። ለሠርግም ለቀብርም ይሆናል። ለገንዘብ የሚያወድስ አዝማሪ እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ ቢያንስ ፊትህን ያያል፣ ስምህን ይጠይቃል፣ ባርኔጣህን ከግጥሙ ያገባል። በቅኔ ጉባኤስ ቢሆን? ተማሪው ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና ሲቀኝ አድማጩ ሰሙንና ወርቁን ፈትቶ ሲያበቃ ነው «ይበል!» የሚለው። ይበል አጭር ቃል ነው፤ ማሽንም ሊለው ይችላል። የሚከብደው ከይበል በፊት ያለው ዝምታ ነው።

ዐሥራ አንዱን ክፍል ላጠፋው ተነሥቼ ነበር። ስሰርዝ ሳለሁ፣ በስድስተኛው ክፍል ሥር ሳልከፍተው የተውሁት አንድ መልእክት አገኘሁ። ያልከፈትሁትም ምስጋና እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ቃል ስላወቅሁ ነው። «ልጄ፣ በነሐሴ ዐባይን በእግሩ አሻገርኸው። እኔ ጎጃም ነው ያደግሁት፤ በነሐሴ ዐባይን በእግሩ የሚሻገር የለም። ወይ ወሩን ቀይር፣ ወይ ዋናተኛ ፈልግለት። አሁን ያዳንኸውን ልጅ መልሰህ ልታሰጥመው ነው» ይላል።

ቁጭ ብዬ ቀረሁ። እኒህ ሴት በዛብህን ከዳር ቆመው አይተውታል፤ ውኃው እስከ የት እንደሚደርስበት ለክተዋል።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዘግይቼ ነው ያየሁት» ብዬ ጻፍሁላቸውና ወሩን ወደ ጥር ለወጥሁት። በማግስቱ መለሱ፦ «አሁን ውኃው ይሁን። እሸት በቆሎውስ? በጥር ከየት አመጣው?»

እውነታቸውን ነው፤ ከተሻገረ በኋላ እሸት ጠብሶ ይበላል። ትናንት ማታ በቆሎውን አወጣሁና ቆሎ ሰጠሁት። እስካሁን መልስ አልሰጡኝም።