አንድ ስንዝር ተኩል



ሰሞኑን «ብዕርህ ወዴት ጠፋ?» እያላችሁ የጠየቃችሁኝ ወዳጆቼ ብዙዎች ናችሁ። ታምሜ አይደለም፤ ተስፋ ቆርጬም አይደለም። አያት ሆኜ ነው። የበኩር ልጄ በስደት በምንኖርበት በሜሪላንድ ሴት ልጅ ተገላግላለች። ባለቤቴ ገንፎውን ስታገነፋ፣ አጥሚቱን ስታማስል፣ ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ሕፃኗን መያዝ። ይህን ሥራ በ56 ዓመቴ ገና መማሬ ነው ብል ታምኑኛላችሁን? ነገሩ እንዲህ ነው።

ልጄ የተወለደችው በ1990 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ በአንዲት ሳምንታዊ ጋዜጣ እሠራ ነበር። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን ቢያስቀርም፣ ጋዜጠኛን ወደ ወህኒ የሚያወርዱ አንቀጾች አላነሱትም ነበር። እኔም በአንድ ጽሑፍ ሰበብ ታስሬ ስለነበር የእልልታውን ድምፅ አልሰማሁም። ባለቤቴ «ምች ይመታሻል» እየተባለች፣ አራስ ቤቷን ጥላ በ25ኛው ቀን ሕፃኗን ይዛልኝ መጣች። በመካከላችን የእንጨት አጥርና ሁለት እርምጃ ያህል ክፍተት ነበር። ጋቢው ገለጥ ሲል አንዲት ትንሽ ግንባር አየሁ። «አባባ ነው፤ እይው» አለቻት። እርግጥ አይታኛለች እያልኩ ለዓመታት ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ።

አሁን የሕፃናት ሐኪሟ እንዳስረዳችን ግን፣ አራስ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለውን ብቻ ነው። በእኛ ስፍር ከአንድ ስንዝር እስከ ስንዝር ተኩል መሆኑ ነው፤ ጡት የሚጠባ ልጅ ከእናቱ ፊት ያለው ርቀት። ለካስ በዚያች ቀን ልጄ ያየችው ብዥ ያለ ጥላ ኖሯል! ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቼ ስፈታ ቆማ ትሄድ ነበር፤ እኔን አይታ አለቀሰች። ብዙም ሳልቆይ ስደት ሆነ። እንደገና የተገናኘነው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና ነው።

«አራስ ሕፃን ምን ጨዋታ ያውቃል?» የሚል ቢኖር እኔም እንደ እርሱ ነበርኩ። ጨዋታዋ ግን አለ። ጣቴን በመዳፏ ላይ ሳኖር ጭብጥ ታደርጋታለች። ከልደት ጋር የሚመጣ ደመ ነፍሳዊ ምላሽ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ሰላምታ አድርጌ ተቀብዬዋለሁ። ፊቴን ወደ ፊቷ አቀርብና ቀስ ብዬ አናግራታለሁ፤ ከዚያም ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ቁም ነገሩ መጠበቁ ነው። ትክ ብላ ታየኛለች፤ ከንፈሯን ታሞጠሙጣለች፤ አንዳንዴም «እ» ትላለች። ሲበቃት ፊቷን ታዞራለች። ይህን ድምፀ ተአቅቦ ማክበር ይገባል!

እ.ኤ.አ. በ2009 በ60 አራስ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት፣ የፈረንሳይ ሕፃናት ለቅሶ ዜማው ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ የጀርመኖቹ ግን ወደ ታች እንደሚወርድ አሳይቷል። በማኅፀን ሳሉ የሰሙትን የእናታቸውን ቋንቋ ዜማ ይዘው ነው የሚወለዱት። እንግዲህ የእኛዋ ልጅ በማኅፀን ሳለች የሰማችው አማርኛ ነው። እሹሩሩ ስላት ጸጥ ብላ የምታደምጠው ባዕድ ቋንቋ አለመሆኑን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባደረጉት ሙከራ፣ እናቶች ከሕፃናቸው ጋር ሲጫወቱ ቆይተው በድንገት ፊታቸውን እንዲያደርቁ አደረጉ። ሕፃኑ ፈገግ ይላል፤ እጁን ይዘረጋል፤ ምላሽ ሲያጣ ፊቱን ይመልሳል። ይህን ሳነብ ያ የደረቀ ፊት የእኔው መሰለኝ። ወንድ ልጄ በ2000 ዓ.ም. እዚህ ሲወለድ ምን አጥር ነበረብኝ? ማንም አላሠረኝም። ስለ 1997ቱ ምርጫ ሌሊቱን በፓልቶክ ስከራከር፣ መግለጫ ሳረቅቅ፣ ልጁ በጉልበቴ ላይ ዓይኔ ግን በኮምፒውተሩ ላይ ነበር።

ትናንት ማታ ልጄ ከበሩ ቆማ ታየን ነበር። «አባዬ፣ እኔንም እንዲህ ይዘኸኝ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«አላውቅም። የአንቺ አጥር ነበረበት። የወንድምሽ አጥር ግን እኔው ነበርኩ» አልኳት።

ምንም አልመለሰችም። ጠጋ ብላ የሕፃኗን አንገት የደገፈውን ክንዴን አስተካከለችልኝ።

ወገኖቼ፣ ስለ መጪው ትውልድ እንታገላለን ስንል ብዙ ዓመት ሆነን። ትግሉን ተዉ አልልም፤ እኔም አልተውኩትም። ነገር ግን መጪው ትውልድ በቤታችን መጥቶ ተኝቷል፤ ከስንዝር ተኩል ወዲያ ግን አያየንም። ኮምፒውተሩን ለአንድ ሰዓት ዝጉና ቀረብ በሉ። ልጃቸውን ከአጥር ማዶ የሚያዩ አባቶችና እናቶችን ደግሞ እግዚአብሔር ለቤታቸው ያብቃቸው።

ቸር ይግጠመን።