የቅርቡ ስም

እንፍራንዝ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ እዚያ ደጃፍ ላይ ቡና ይዞ ለተቀመጠ ሰው፣ ስም ሲጠራ እንደ መስማት ያለ ጨዋታ የለም። «ማሙሽ!» ትላለች አንዲት እናት፤ ኳስ ከሚያባርሩት መካከል ማሙሹ ብዙ ነው፣ ዘወር የሚለው ግን የእሷው ነው። ያው ልጅ ትምህርት ቤት በመዝገብ ስሙ «አቤት» ይላል፤ ሲቆርብ ደግሞ ካህኑ የሚጠሩት በአርባ ቀኑ (ሴት ብትሆን በሰማንያ) በወጣለት የክርስትና ስም ነው፤ ዴስክ የሚጋራው ጓደኛው እንኳ ያንን ስም ላያውቀው ይችላል፣ ማወቅም አያስፈልገውም። ስም በደጁ ጌታ፣ በሰው ደጅ እንግዳ ነው።

ኮድ የሚጽፍ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚውለው ከዚሁ ነገር ጋር ነው። አልጎል 60 የተባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲመጣ፣ በአንድ ብሎክ ውስጥ የታወጀ ስም ከዚያ ውጭ እንዳይታይ አደረገ፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹም ይህን ወረሱ። ጃቫስክሪፕት ግን በ«ቫር» የታወጀን ስም ብሎኩን ከሚያጥረው ቅንፍ አሾልኮ በፈንክሽኑ ሁሉ ያዳርሰዋል፤ በቅንፉ የሚታጠረው «ሌት» የተጨመረው በ2015 ነው።

እኔ ደጋግሜ የማስበው የፓይተንን አንድ ጠባይ ነው። ፓይተን 3 ስምን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይፈቅዳል፤ እናም ከፈንክሽኑ ውጭ «ብር» የሚል ስም አውጥተን 5 ብንሰጠው፣ ፈንክሽኑ ውስጥ ስናነበው 5 ይለናል። እዚያው ፈንክሽን ውስጥ፣ በመጨረሻዋ መስመር እንኳ ቢሆን፣ «ብር»ን 7 ካደረግነው ግን ስሙ ከመጀመሪያዋ መስመር አንሥቶ የቤቱ ልጅ ይሆናል፤ ከላይ ያለው ንባብም ውጭ ያለውን 5 ትቶ ገና ምንም ያልተሰጠውን የራሱን ይፈልግና በስሕተት ይቆማል። ጀማሪዎች እዚህ ላይ ግራ ይጋባሉ። ለእኔ ግን ደግ ሕግ ነው፤ አንድ ስም በአንድ ቤት ውስጥ ጠዋት የጎረቤት፣ ማታ የራስ እንዳይሆን ይጠብቃልና።

እንፍራንዝ አጠገብ፣ ጉዛራ ላይ፣ የዓፄ ሠርፀ ድንግል ነው የሚባል ግንብ አለ። እኒህ ንጉሥ (1563–1597 እ.ኤ.አ.) የዙፋን ስማቸው መለክ ሰገድ ነበር። ልጃቸው ያዕቆብም ሲነግሡ መለክ ሰገድ ተባሉ፤ ዓፄ ሱስንዮስም ሥልጣን ሰገድ ከመባላቸው በፊት ይህንኑ ስም ይዘው ነበር። ስለዚህ በአሮጌ ጽሑፍ «መለክ ሰገድ» የሚል ያገኘ አንባቢ መጀመሪያ ዐረፍተ ነገሩን፣ ከዚያ ምዕራፉን፣ ከዚያም መጽሐፉ የማን ዜና መዋዕል እንደሆነ ያያል። ፓይተንም ስም ሲፈልግ እንዲሁ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚሄደው፤ ፈንክሽኑን፣ ቀጥሎ ያንን ያቀፈውን ፈንክሽን፣ ከዚያ ፋይሉን፣ በመጨረሻም ከቋንቋው ጋር አብረው የመጡትን ስሞች ይፈትሻል፤ የቅርቡን ካገኘ ወደ ሩቁ አይሻገርም።